ፊሊጶስ የሰበራቸው ሰሌዳዎች

ጨካኝ ይሉኛል። ይበሉ! ንብረት ክፍል የተቀመጠ ሰው አዛኝ ከሆነማ መጋዘኑ ባዶውን ያድራል። ፊሊጶስን ግን እንደ ታናሽ ወንድሜ ነው የምወደው፤ ይህን አሰላ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ፊሊጶስ የሆሳዕና ልጅ ነው። እኛ ተቋም ወርክሾፕ ውስጥ ቴክኒሺያን ሆኖ ሲመደብ ሚስቱ ፅጌረዳ እዚያው ሆሳዕና ነርስ ሆና ቀረች። እዚህ የሚሠራው ሥራ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ከተልባ አገዳ ሰሌዳ ማውጣት ነው። በቆጂ ድረስ ሄዶ ገበሬው ፍሬውን ወቅቶ የጣለውን አገዳ ይሰበስባል። በርሜል ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፤ ሽታው፣ ኡኡ! አፍንጫ ተይዞ ነው የሚታለፈው። ከዚያ ቃጫውን ለይቶ፣ አበጥሮ፣ ቅርጽ ማውጫው ላይ ይደረድርና ከተልባ ዘይት የተሠራ ኢፖክሲ የሚሉትን ሙጫ አፍስሶ ይጫነዋል። ክንድ የማይሞላ ቀጭን ሰሌዳ ሆኖ ይወጣል። የአሰላ ብርድ ሙጫውን አላደርቅ ቢለው የራሱን ብርድ ልብስ ከቤት አምጥቶ አለበሰው። እሱ ጋቢ ለብሶ ሲንቀጠቀጥ ያድራል፣ ሰሌዳው ይሞቀዋል!

ሲደርቅ መሳቢያ ማሽን ላይ ያስረዋል። ማሽኑ ሁለቱን ጫፍ ይዞ እስኪበጠስ ይስበዋል። ስንት ኪሎ ችሎ እንደተሰበረ ማወቅ ነው ፈተናው። ቀጭ ሲል ፊሊጶስ በደስታ ይዘላል።

እኔ ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ነገር ሁሉ ንብረት ነው ብዬ፣ ሰሌዳዎቹ ገና ከቅርጻቸው ሲወጡ ገቢ አድርጌ፣ ቁጥር ለጥፌ፣ አስፈርሜ ነበር የሰጠሁት።

ዘንድሮ ወደ ሆሳዕና እንዲዛወር ተፈቀደለት። ፅጌረዳ ነፍሰ ጡር ናት። እስከ ሰኞ ከንብረት ዕዳ ነፃ ነው የሚል ክሊራንስ ይዞ ሆሳዕና ካልቀረበ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«እትዬ ወይንሸት፣ ይፈርሙልኝ» አለኝ ፈገግ ብሎ።

«ሰሌዳዎቹን መልስ።»

ስባሪ የሞላ ጆንያ አመጣ።

«የተረከብከው ሙሉውን ነው። ይሄ ምንድን ነው?»

«እትዬ፣ እንዲሰበር እኮ ነው የተሠራው!»

ጉድ በሉ! ጉዳዩን ለኮሚቴ መራሁት። ሰብሳቢው አለቃዬ አቶ ገብረሥላሴ ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ሳትሰብረው ለምን አልፈተንከውም?» ሲሉ ጠየቁት።

«እንደዚያማ ጥንካሬው አይታወቅም።»

በር ላይ የቆሙት የወርክሾፕ ሰዎች አጉረመረሙ።

«ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ!» አሉ አቶ ገብረሥላሴ። ከዚያ ጠግኖ ይመልስ ብለው ወሰኑ።

ምን ያድርግ፣ ጠገነ። በተረፈችው ሙጫ ስባሪውን ከስባሪ አገናኝቶ ዓርብ ጠዋት ይዞ መጣ። አቤት ማማር! መጋጠሚያው በጣት ቢዳሰስ እንኳ አይገኝም። እኔም እሰይ ብዬ እስክሪብቶ አነሳሁ።

«ቆይ» አሉ አቶ ገብረሥላሴ። «መጠገኑን በምን እናረጋግጣለን? ይፈተን!»

የፊሊጶስ ፊት አመድ መሰለ። «ጌታዬ፣ ከተፈተነ ይሰበራል።»

«በደንብ ከጠገንከው ለምን ይሰበራል?»

አንዱን ማሽኑ ላይ አሰረው። ማሽኑ ሳበ። ቻለ። «ጨምር!» አሉ። አሁንም ቻለ። እኔ በልቤ ማርያምን እለማመናለሁ። «ጨምር!»

ቀጭ!

የተሰበረው ግን የተጠገነው ጋ አይደለም፤ ደህና በነበረው በኩል ነው። ፊሊጶስ ሁሉን ረስቶ ዘለለ። «አያችሁ! መጋጠሚያው ንቅንቅ አላለም!»

አቶ ገብረሥላሴ ቃለ ጉባኤው ላይ «የመንግሥትን ንብረት ለሁለተኛ ጊዜ ሰብሯል» ብለው አስጻፉ።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ፅጌረዳ ናት፤ ድምፅዋ እኔ ድረስ ይሰማል። «ፈረሙልህ?»

«ጠንካራ ነው እኮ ፅጌ… በጣም ጠንካራ ነው» አለና እንባው ዱብ ዱብ አለ።

አንጀቴን በላው። አቅፌው አብሬው አለቀስኩ። ክሊራንሱን ግን አልፈረምኩም።