በሻርፕ የተሸፈነ እጅና የመጨረሻዋ መንጋጋዬ

ትናንት ታናሽ እህቴ ትዕግስት ከጥርስ ሐኪም ተመልሳ ሱቄ በር ላይ ቆመችና፣ «ካላመመኝ ለምን ይነቀላል? ሰውዬው ሥራ ፈትቶ ነው!» አለችኝ። ነገሩ ከሁሉም ዘግይታ የምትበቅለው የመጨረሻዋ መንጋጋ ናት። ራጅ አንስተዋት፣ «ተጋድማ እየመጣች ነው፤ ሳታሳምምሽ እናውጣት» ብለዋታል። ሳቄ መጣ። ምላሴ ከኋላ ያለችውን ባዶ ቦታ ነካ አደረጋት። የጥርጣሬ ነገር በተነሳ ቁጥር ምላሴ እዚያ ይሄዳል።

ሰባት ዓመት ሆነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ከአዳማ ጅጅጋ ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም። አባቴ የከብት ነጋዴ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ቁርሱን ይዤለት ከብት ገበያ እሄድ ነበር። አቧራው፣ የግመሉ ሽታ፣ ሻዩ ውስጥ ያለው ቅርንፉድ አሁንም ከአፍንጫዬ አልወጣም። እዚያ ደላሎች ዋጋ በአፋቸው አይናገሩም። እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ላዩ ላይ ሻርፕ ይጣላል፣ ከሥር በጣት ይነጋገራሉ። አጠገባቸው የቆመ ሰው እንኳ ስንት እንደተባለ አያውቅም። አባቴ፣ «ልጄ፣ እጁን የሸፈነ ሰው ሲያወራሽ አፉን አትስሚ፣ ጨርቁን እዪ» ይለኝ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ሌላ ትምህርት ስላልነበረኝ ይህቺን አጥብቄ ያዝኳት።

ሆዳን የምትባል ጎረቤታችን ጨርቅ ሻጭ ነበረች። ሁላችንም ኤዶ እንላት ነበር፣ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። ልጇ ኢፍራህ ጓደኛዬ ናት። አንድ ቀን ጉንጬን ይዤ ብታየኝ፣ ኤዶ ጎትታ የምታውቀው ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቶሎ ቶሎ ያወራል። «አሁን ብዙም አላመመሽም፤ ለማውጣት ጥሩው ጊዜ ይሄ ነው። ካበጠ በኋላ ትቸገሪያለሽ» አለኝ። እኔ ደግሞ ገበያ ያሳደገኝ ልጅ ነኝ፤ «ዛሬ ካልወሰድሽው ነገ አታገኚውም» የሚል ሰው እቃው እንዳልሄደለት አውቃለሁ።

ስንወጣ ሐኪሙ ለኤዶ እጁን ዘረጋ። እሷ የሻርፗን ጫፍ እጇ ላይ ጣል አድርጋ ጨበጠችው። በሶማሊኛ ሁለት ቃል ተለዋወጡ፤ ሳቁ። አሃ!

እስከ ባጃጁ ድረስ ቻልኩ፤ ከዚያ አልቻልኩም።

«ኤዶ፣ በኔ ጥርስ ስንት ጣት ሰጠሽ?»

«የምን ጣት?»

«ከሻርፑ ሥር ነዋ! ደላላ መሆንሽን አላውቅም ነበር።»

ትኩር ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ የከፋው እሱ ነው። «የኢፍራህ ሠርግ ከሦስት ሳምንት በኋላ ገጠር፣ ደምበል ነው። እዚያ ጥርስ የሚነቅል ሰው የለም። እኔ እሱን አስቤ ነበር» አለችና ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

ይሄም የደላላ ወሬ ነው፣ አልኩ በልቤ።

መንጋጋዬን እንደያዝኩ ደምበል ሄድኩ። የበልጉ ዝናብ መንገዱን ቆፋፍሮት ስለነበር መኪናው በገባበት ጉድጓድ ሁሉ ጥርሴ ላይ የሚወድቅ ይመስለኝ ነበር። በማግስቱ ጉንጬ እንደ ዳቦ ተነፋ፤ አፌ ከአንድ ጣት በላይ አልከፈት አለ። ግቢው ውስጥ ፍየል ይጠበሳል፣ የሩዙ ዘቢብና ሄል ያውዳል፤ እኔ ፍራሽ ላይ ተጋድሜ የግመል ወተት በስትሮ እስባለሁ። ኤዶ፣ የሙሽራዋ እናት፣ ዘፈኑን ጥላ ለብ ያለ የጨው ውሃ ታጉመጠምጠኛለች።

በመሃሉ እንግዶች «እንኳን ደስ ያለሽ» ሊሏት ገቡ። የሙሽራው አባት እጁን ዘረጋ፤ የሻርፗን ጫፍ ጣል አድርጋ ጨበጠችው። አጎቱንም እንደዚሁ። ሽማግሌውን፣ ሹፌሩን፣ በመጨረሻም አባቴን! «ጨርቁን እዪ» ያለኝን ሰውዬ ራሱን በጨርቅ ጨበጠችው፤ እሱም ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላት። ባዕድ ወንድ ስትጨብጥ እጇን መሸፈን ለካ የሃይማኖቷ ጨዋነት ነው። ያን ሁሉ ወር ጅጅጋ ተቀምጬ ከብት ገበያውን እንጂ ሰውን አላየሁም።

«ኤዶ፣ ይቅርታ» ልል ፈለግኩ። «እ... እ...» ብቻ ወጣኝ።

«ምንድነው? ወተት?»

ራሴን ነቀነቅኩና የሻርፗን ጫፍ ስቤ ሳምኩት። ጣቷን አፌ ጋ አስጠግታ ክፍተቱን ለካችና፣ «ወላሂ፣ የሰጠኝ አንድ ጣት ብቻ ነው!» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ጅጅጋ ስንመለስ ሐኪሙ እብጠቱ እስኪወርድ መድኃኒት ሰጥቶኝ ከሳምንት በኋላ ነቀላት። እንዳለውም ተቸገርኩ።

እንግዲህ ትዕግስትን ምን ልበላት? ሐኪም ሁሉ እውነት ይናገራል አልልም። ዕድሜ ልክ ሳታስቸግር የምትቀመጥ መንጋጋም አለች ይባላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ግን ጠርጥሬም ተመንጥሬአለሁ። «ራጁን ለሌላ ሐኪም እናሳየው፤ እሱም አውጪ ካለሽ ግን ነገ ዛሬ አትበዪ። አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት።

ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችኝ። «አንቺ ምን እንዲህ አስቸኮለሽ? ከሰውዬው ጋር ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

ኤዶ ያን ዕለት ባጃጁ ውስጥ ምን ተሰምቷት እንደነበር ትናንት ገባኝ። እኔም ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።