ማይነስ ስምንት ላይ ተዘግቶብን

ነገሩ የደረሰው ባለፈው ዓመት፣ ነፋሱ የሞያሌን አቧራ እያነሳ በሚያለብሰን ወር ነው። የማልረሳው፣ ሳስተምር ራሴ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ሆኜ የተገኘሁበት ብቸኛ ቀን ስለሆነ ነው።

በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ወላጆቼ ከደብረ ብርሃን መጥተው ትንሽ ሆቴል የከፈቱ ናቸው፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው። ቤት በአማርኛ፣ ሰፈር በቦረንኛ፣ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ እያልኩ እውላለሁ።

ያን ሰሞን የያዝነው ኔጌቲቭ ቁጥሮችን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ነበር። ሰሌዳው ላይ መስመር አስምሬ፣ ዜሮን መሀል አድርጌ፣ «ወደ ግራ በሄድን ቁጥር እያነሰ ይሄዳል» ብል ማን ይመነኝ! በተለይ ዲራሙ። ዲራሙ ከዳበል መንደር መጥታ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ የምትማር ልጅ ናት፤ ያላመነችበትን ነገር አትጽፍም።

«ቲቸር፣ ስምንት ፍየል ከሦስት ፍየል ይበዛል አይደል?»

«ይበዛል።»

«ታዲያ ፊቱ ላይ ሰረዝ ስለተደረገበት ብቻ ያንሳል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መጽሐፉ የሚሰጠው ምሳሌ የበረዶ አገር ሙቀት ነው። ልጆቼ ደግሞ በረዶ የሚያውቁት ሶዳ መሸጫ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ሙቀት ከዜሮ በታች ይወርዳል ስላቸው እንደ ተረት ሰሙኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አንድ ነጭ፣ ማቀዝቀዣ ያለው የጭነት መኪና ቆሞ አገኘሁ። ሾፌሩ ጸጉራቸው ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ኢትዮጵያዊ ናቸው፤ ጋሽ አበራ ይባላሉ። ዓሣ ሊጭኑ ባዶውን ወደ ናይሮቢ ሲወርዱ ማቀዝቀዣው ተበላሽቶባቸው፣ አሠርተው እየሞከሩት ነበር። ከጭነቱ ሳጥን ፊት ለፊት፣ ከጋቢናው ጀርባ፣ ቀይ ቁጥር ይበራል። ቆሜ እያየሁት ከአሥራ አምስት ወደ አሥራ አራት ወረደ።

«ጋሼ፣ ከዜሮ በታች ይወርዳል?» አልኳቸው።

«ምን ማለትሽ ነው እህቴ፣ ሥራው እሱ አይደል!»

«ተማሪዎቼን ላምጣቸው?»

ሳቁ። «አምጪያቸው። ብቻዬን ከማሽን ጋር ከምፋጠጥ ይሻለኛል።»

በሩ ድረስ ነው ብዬ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ ክፍሉን በሙሉ ይዤ ወጣሁ። ልጆቹ ቁጥሩን ጮክ ብለው እየተከተሉ ወረዱ። ዜሮ ላይ ሲደርስ ሁሉም ተንጠራሩ። ከቁጥሩ ፊት ሰረዟ ብቅ ስትል ግን ጎል የገባ ነበር የሚመስለው። ጋሽ አበራ ሦስት ሦስት እየሆኑ ብርዱን እንዲቀምሱት የኋላውን በር ከፈቱላቸው። «ባሪዲ ሳና!» እያሉ፣ በስዋሂሊ ብርዱን እያማረሩ፣ እየተንጫጩ ወጡ።

«በሩን ቶሎ ቶሎ ዝጉ፣ ብርዱ እንዳይወጣ!» አሉ ጋሽ አበራ። እኔው ነኝ የተረጎምኩላቸው።

መጨረሻ ላይ እኔና ዲራሙ ገባን፤ ቀደም ብለን ከውስጥ ጥጉ ላይ ያስቀመጥነውን አንድ ኩባያ ውሃ ልናይ። ጎንበስ ብለን ጠርዙ ላይ የያዘውን ስስ በረዶ ስንነካካ ጓ! አለ። ጨለማ። አንድ ታዛዥ ተማሪ፣ ሁሉም የወጣ መስሎት፣ በሩን ዘግቶ መቀርቀሪያውን አዙሮታል።

ጮህኩ፣ ደበደብኩ፤ የማሽኑ ድምፅ ጆሮ ይደፍናል። ልጆቹ ቁጥሩን ሊያዩ ወደ ፊት ሮጠዋል። ስልኬ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። ሻርፔን አልብሼ ዲራሙን እቅፍ አደረግኋት። አክስቷን ምን እላታለሁ የሚለው ከብርዱ የባሰ አንቀጠቀጠኝ።

ያኔ ጥርሷ እየተንገጫገጨ «ቲቸር፣ አሁን ስንት ላይ ነን?» አለችኝ።

«ማይነስ ስምንት ሳንደርስ አልቀረንም።»

«ማይነስ ሦስት ቢሆን ይሻለን ነበር» አለች። «ያኛው ሞቅ ይላል።»

በዚያ ፍርሃት ውስጥ ሆኜ «ታዲያ የትኛው ይበልጣል?» ብዬ ጠየቅኋት። መምህርነት በሽታ ነው።

«ማይነስ ሦስት!» አለች በንዴት። «አሁን በሩን እንምታ!»

ጫማዋን አውልቃ ግድግዳውን ትነርተው ጀመር። ድንገት ማሽኑ ጸጥ አለ። ውጭ አንዱ ልጅ «ቲቸርስ የት ሄደች?» ብሎ ኖሮ፣ ጋሽ አበራ ማሽኑን አጥፍተው ሲያዳምጡ የጫማው ድምፅ ተሰማቸው። በሩ ሲከፈት ፀሐዩ ዓይኔን አጥበረበረው።

ጋሽ አበራ ፊታቸው ዐመድ መስሏል። «ምነው እህቴ፣ ከውስጥ መክፈቻ አለው እኮ!»

ዞር ብዬ ባይ፣ እውነትም ከበሩ ጎን አንድ ወፍራም እጀታ ተገትሯል። ያን ሁሉ ጊዜ በክርኔ ተደግፌው ነበር። ልጆቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ጋሽ አበራ ጃኬታቸውን ለዲራሙ ደርበው፣ ከፔርሙሳቸው ሻይ ቀዱልን። ጋቢናቸው ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር ውጭው ሃያ ስድስት ነው እንደሚል ሲነግሩኝ ለዲራሙ ተረጎምኩላት።

«በአንዴ በሠላሳ አራት ወጣን ማለት ነው» አለች ሻዩን እየተጎነጨች። ማንም አልጠየቃትም።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝ። ያለ ፈቃድ ልጆች ይዞ ከግቢ ስለመውጣት በደንብ አድርገው ገሠጹኝ፤ ልክ ናቸው። ልወጣ ስል ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መኪናው አሁንም አለ እንዴ?» አሉኝ። ሄዷል ስላቸው ከልባቸው ያዘኑ መሰሉኝ።

አሁን ነገሩ ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሳቅ ነው። ቀጥሎ ዲራሙ ብብቴ ሥር ሆና ስትንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ ሳቄም ቀዝቀዝ ይላል። እኚያ ሰው ማሽኑን ባያጠፉት ኖሮ ብዬ እጀምርና አልጨርሰውም። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። በሄዱበት ሁሉ መንገዱ ይቅናቸው።