የክሊኒክ ፍሳሽ ይዤ ከላንቻ እስከ ካዛንቺስ

ጠዋት ከቂርቆስ የወጣሁት ላንቻ ካለ አንድ ክሊኒክ የፍሳሽ ውሃ ቀድቼ ካዛንቺስ ወዳለው ላቦራቶሪ ለማድረስ ነው። በሽተኛ የሚወስደው መድኃኒት ሁሉ ሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ ከሽንት ጋር ወጥቶ በቱቦ ወደ ወንዝ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ጁስ ቤቶች የሚጥሉትን የአቮካዶ የውስጥ ዘር ለቅሜ፣ አድርቄ ከሰል ሠርቻለሁ። ከሰሉ መድኃኒቱን ከውሃው መጥጦ ያስቀር እንደሆነ የሚለካው ማሽን ለእኔ የተፈቀደው ለዛሬ ከሰዓት ብቻ ነው። ካመለጠኝ ምረቃዬ ለከርሞ ነው።

ታክሲ ውስጥ

ናሙናው ፀሐይም ሙቀትም አይወድም። ስለዚህ የቀዳሁበትን ጄሪካን በረዶ በያዘ ፌስታል ከብቤ በነጠላ ጠቀለልኩት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት፣ ጎመን የታጨቀ ማዳበሪያ እግራቸው ሥር አድርገው፣ ነጠላውን ደጋግመው ያያሉ።

"ልጄ፣ ጸበሉ የየት ነው? ዓይኔን ትንሽ..." አሉና መልስ ሳይጠብቁ ከክዳኑ ሥር የወጣውን እርጥበት በመዳፋቸው ጠርገው ወደ ዓይናቸው ወሰዱት። እጃቸውን ያዝኩ።

"ጸበል አይደለም እማማ። የክሊኒክ ፍሳሽ ነው።"

አንዱ መስኮት ከፈተ፣ አንዷ አፍንጫዋን ያዘች።

"ምን? ፍሳሽ?" አለ ረዳቱ። "ሰው ልታስጨርሺ ነው እንዴ? ውረጂ በቃ!"

ባምቢስ

ባምቢስ ላይ ወረድኩ። እማማም ማዳበሪያቸውን ይዘው ተከትለውኝ ወረዱ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ነበር። የምጠጣውን ውሃ አፍስሼ እጃቸውን በሳሙና አስታጠብኳቸው።

"ይሄ ምን ሊረባሽ ነው የምትሸከሚው?"

"መድኃኒት አለበት፤ እሱን ከውስጡ ላወጣ ነው።"

"መድኃኒት ካለበት ለምን ይወጣል?"

"ያልታመመ ሰው እንዳይወስደው ነው። ወንዝ ይገባል፤ በወንዙ ደግሞ ጎመን ይለማል።"

ማዳበሪያቸውን አዩት። በዚያው ወንዝ አልምተው ለገበያ የያዙት መሆኑ ያኔ ገባኝና አፈርኩ።

"እና ምን ቆመሽ ታወሪያለሽ?" አሉ። "በረዶሽ ሳያልቅ ሂጂ እንጂ!"

ካዛንቺስ

የቀረውን መንገድ ጄሪካኑን አዝዬ በእግሬ ሄድኩ። በረዶው ቀልጦ ጀርባዬን አራሰው፤ ጄሪካኑ ግን ስደርስ ገና ቀዝቃዛ ነበር። ውሃውን በከሰሉ አሳልፌ ማሽኑ ላይ አስለካሁት። ከሰሉ መድኃኒቱን ከሞላ ጎደል መጥጦታል። በጣም ደስ አለኝ፤ ብቻዬን "ሠራ እኮ!" ብዬ ጮኽኩ።

ቂርቆስ፣ ማታ

ቤት ገብቼ ጉዞው ያስተማረኝን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ከሰሌ አንድ ጄሪካን ያጸዳል። ክሊኒኩ ግን ዛሬም ሲያፈስ ውሏል፤ እማማም ጎመናቸውን ሸጠው ይሆናል። ባይሸጡስ ምን ይብሉ?

እናቴ እራት አቀረበች። ጎመን ነው። ከየት እንደገዛችው ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፤ ተውኩትና በላሁ።