ልምድ የሌላት ልብስ ሰፊ

የሆስፒታሉ የልብስ ስፌት ጨረታ እስኪከፈት አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት፣ ለናሙና የሰፋችውን የሕመምተኛ ልብስ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የተረፈ ክር ትፈልግ ነበር። አመልካች ጣቷን መርፌ በሳስቶታል። ተራዋ ሲደርስ ወጣቱ የግዢ ሠራተኛ ፖስታዋን ከፈተ።

«እትዬ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ የለዎትም። ወድቀዋል።»

«ልጄ፣ ሥራውን ሳትሰጡኝ ልምዱን ከየት ላምጣው?»

«ምን ላድርግ፣ መመሪያ ነው።»

ለሰባተኛ ጊዜ መውደቋ ነበር። ስንወጣ ጨረታውን ያሸነፈው ነጋዴ ደረጃው ላይ ጠበቃት። መርፌ ጨብጦ አያውቅም፤ የልምድ ደብዳቤ ግን ሞልቶታል። ናሙናዋን አገላብጦ አየው።

«እጅሽ ይባረክ፣ እህቴ! ሁሉንም አንቺ ስፊልኝ፤ በግማሽ ዋጋ።»

«እኔ እንደሰፋሁት የሚገልጽ ደብዳቤ ትጽፍልኛለህ?»

«እሱማ አይሆንም። ውሉ ላይ ያለው የእኔ ስም ነው።»

ናሙናዋን ከእጁ ተቀብላ አጣጠፈችው።

«መቼ ይድረስልህ?» አለችው።

እሱ እንደሄደ ስልኳ ጠራ። ከስፌት ቤቷ ነው፤ ከጀርባ የማሽን ድምፅ ይሰማል።

«እትዬ፣ አሸነፍን?» አለች አንዲት ሴት በጉጉት።

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ሥራ አግኝተናል» አለቻት።