የክዳኑ ጥላሸት

ትንንሽ የታንክ ሞዴሎች በምሸጥበት ሱቅ ውስጥ ደንበኞች ቁጭ ብለው ቀለም የሚቀቡበት ጠረጴዛ አለ። አንድ ደንበኛዬ የሆኑ ሰውዬ ሁልጊዜ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ይቀመጣሉ። የቱንም ያህል ቢሞቅ የእጅጌያቸውን ቁልፍ አይፈቱም። ስማቸውን ብጠይቃቸው ጥቁር ቀለም እንዳለኝ ጠየቁኝ።

ሥራቸውን ላየው ግን ያስቀናል። አረንጓዴው ሲደርቅ ቡናማውን በአኳራጅ አቅጥነው በየስንጥቁ ያፈሱታል፤ ከዚያ ደረቅ ብሩሽ ጠርዝ ጠርዙን ሲያስኬዱበት ብረቱ ዘመን የበላው ይመስላል። ሌላው ደንበኛ ጥላሸት የሚቀባው የመድፉ አፍ ላይ ነው። እሳቸው የቀቡት ታንኩ አናት ላይ ያለው የሰው መውጫ ክዳን ዙሪያ ነው፣ ያውም ከውስጥ ወደ ውጭ የነደደ አስመስለው።

"ጋሼ፣ እንዲህ ሲሆን የት አዩት?" አልኳቸው።

"ፎቶ ላይ።"

አላመንኳቸውም። ከታንኩ ጋር በአንድ ሳጥን የመጡትን ትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮች አቀበልኳቸው።

"ሰዎቹን ረስተዋል።"

አንዱን ብቻ አንስተው ከታንኩ ራቅ አድርገው፣ ፊቱን ወደ ክዳኑ አዙረው አቆሙት። የቀሩትን መለሱልኝ።

"እነዚህ አልወጡም" አሉኝ።

ያ አንዱ ከውስጥ ያመለጠ ይሁን ከውጭ ሆኖ የመታቸው፣ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።