ለገረሴው ግቢ የመረጥነው ዛፍ

ደጋው ገረሴ ላይ ያለው የወላጆቻችን ግቢ ነፋስና ውርጭ ይፈራረቁበታል። አባታችን ካረፈ በኋላ ቤቱን የያዘው ታላቅ ወንድሜ ነፋሱን የሚከልል ዛፍ ሊተክል ፈለገ። እኔ የምኖረው ታች ቆላው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ስለሆነ ችግኙን ገዝቼ እንድወጣ በስልክ ነገረኝ።

ሲቀላ ላይ የሚያምረውን ግራቪሊያ እዚያ ውርጭ ያቃጥለዋል። ዝግባና ኮሶ ብርዱን ይችሉታል፤ ግን ዝግ ብለው ነው የሚያድጉት። ወንድሜ ደግሞ ቶሎ የሚደርሰውን ባሕር ዛፍ ነበር የፈለገው። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታችን እንሰት ስላለ ባሕር ዛፉ ውሃውን ይመጥጥበታል ብዬ ተከራከርኩት። በገዛ ግቢዬ ማንም አያዘኝም ብሎ ስልኩን ዘጋው።

የኮሶ ችግኝ ይዤ ስደርስ ባሕር ዛፉን ድንበሩ ላይ ተክሎ ጨርሷል። ከልጅነታችን ጀምሮ ጋሼ የምንለው ያ ጎረቤት ገጀራ ይዞ ገብቶ የባሕር ዛፉን ችግኝ እየመነጠረ ነበር። ወንድሜ በዶማ እጀታ ትከሻውን መታው። ጋሼ ዞሮ ገጀራውን ሰነዘረ፤ ወንድሜ ፊቱን ሊከላከል ያነሳው ክንድ እስከ አጥንቱ ተሰነጠቀ። ጋሼን ከኋላ ስይዘው በክርኑ አፌን ብሎኝ ጥርሴ ተሰበረ። ወንድሜ በደህናው እጁ ድንጋይ አንስቶ የጋሼን ግንባር ከግራ ዓይኑ በላይ ፈነከተው። ሽማግሌው ወደቀ። ወንድሜ ድንጋዩን ደግሞ ሲያነሳ ጋሼ ላይ ተደፋሁበት።

«እንግዲያው እኔን ምታኝ» አልኩት።

ድንጋዩን ጣለው።

የተገኘው መኪና አንድ ብቻ ስለነበር ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ወረድን። ቁልቁለቱ ላይ ጋሼ፣ ፊቱ በደም እንደተሸፈነ፣ ወደ ወንድሜ ዞረ።

«ክንድህን ከፍ አድርገህ ያዘው፤ ደሙ ይቀንስልሃል» አለው።

ወንድሜ ክንዱን ከፍ አደረገ።

ሽማግሌዎች አስታረቋቸው። የወንድሜ ጣቶች ዛሬም በደንብ አይታጠፉም፤ የጋሼ ግራ ዓይን ጠፍቷል። በባሕር ዛፉ ፈንታ ኮሶው ከድንበሩ ርቆ ተተከለ፤ ነፋሱን ለመከለል ገና ዓመታት ይቀሩታል። የጋሼ ሚስት ግን እርቁን አልተቀበለችም። ገረሴ ገበያ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን ሳትመልስ ታልፋለች። እኔም አልፈርድባትም።