ከጥምቀት እስከ ጾም መግቢያ የሚደርቅ ቀለም

አባቴ እናቴን ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ያመጣት በሚነዳው የጭነት መኪና፣ በሽንኩርት ጆንያ ላይ አስቀምጦ ነው። ጋቢናውን ሚዜዎቹ ይዘውት ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች ይህን እየሳቀች ትነግረን ነበር፤ አባቴ ግን ሁልጊዜ እንደ ክስ ነበር የሚያዳምጠው። ስለዚህ እሷ ካረፈች በኋላ፣ እኔም ትምህርቴን ጨርሼ ከፈረንሳይ ተመልሼ በታጨሁ ጊዜ፣ ልጁ ከቤቱ የምትወጣው እሱ በገዛ እጁ በሠራት መኪና እንደሚሆን አስታወቀ። አስተያየቴን የጠየቀኝ አልነበረም።

መኪናዋ ራስ ዲካ ባሕሩ ዳር ቆማ የቀረች፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ ጂፕ ነበረች። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ያስቀምጡባት፣ ፍየሎች ከፀሐይ ይጠለሉባት ነበር። ባለቤቷ ከዓይኑ ሥር ስላነሣንለት አመሰገነን። ካርቲየ 3 ሰፈር ያለው ግቢያችን ገብታ ሸራ ሲወጠርላት፣ ከበሮቿ ሥር ገና እርጥብ አሸዋ ይፈስ ነበር።

እጮኛዬ የአርሂባ ሰፈር ልጅ፣ ወደብ ላይ የትራንዚት ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ሲወጣ እኔን ሊጠይቅ ይመጣል። ብዙም ሳይቆይ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ መምጣት ጀመረ፤ ከዚያም በኋላ እኔን መጠየቁን ተወው።

የደረሰብኝን ለመረዳት ሁለት አቆጣጠሮችን ማመሳከር ያስፈልጋል። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ነው፤ በጾም ሰርግ የለም። ሁለተኛው የቀለም ነው። በሞቃቱ ወራት ካምሲን የሚሉት ነፋስ አቧራውን ሁሉ እርጥብ ቀለም ላይ ያራግፋል፤ ነፋሱ ጋብ ሲል ደግሞ ወበቁ ቀለሙን እንደ ማር ያጣብቀዋል። አባቴ ጥቅምትን ሞክሮ ነበር፤ መዳፉን ከኮፋኖው ላይ ለማላቀቅ ናፍጣ አስፈለገን። ቀለም የሚደርቅበትና ሰርግ የሚፈቀድበት ጊዜ የሚገጣጠሙት፣ እንደ እሱ ስሌት፣ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ብቻ ነው። ትዳሬ የተንጠለጠለው በዚያ ክፍተት ላይ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት መኪናዋ ነጭ ተቀባች። አዳራሽ ተያዘ፣ ሶማሊያዊት ጎረቤታችንም ለሰርጉ ድሪያ የሚሉትን ሰፊ ቀሚስ አዲስ አሰፋች። በሳምንቱ ቀለሙ አበጠ። በሮቹና ፓራፋንጎዎቹ ምስር ምስር በሚያካክሉ ጉብታዎች ተሞሉ። አባቴ በእንዲህ ያለ መኪና ልጁን እንደማይድር ተናገረ፣ እጮኛዬም ተስማማ፤ ሰርጉ ለከርሞ ተላለፈ።

የዶክትሬት ጥናቴ በብረት ዝገት ላይ ነው። ይህን የምጽፈው ለመመጻደቅ ሳይሆን፣ ሁኔታው ምን ያህል ትርጉም የለሽ እንደነበር አንባቢ እንዲመዝን ነው። ጨው ያለበት ብረት ሳይታጠብ ከተቀባ ጨው እርጥበት እየሳበ ቀለሙን ከሥር እንደሚያነሣው፣ ስለዚህም ብረቱ አስቀድሞ ጨው በሌለው ውሃ መታጠብ እንዳለበት ገና ከጅምሩ አስረዳኋቸው። ሁለቱ ተያዩ።

“ዶክተር፣” አለኝ አባቴ፤ ሊያሾፍብኝ ሲያምረው የሚጠራኝ እንዲያ ነው። “ብረቱ እንዳይዝግ ውሃ አፍስሱበት ነው የምትይን?”

“ጋሼ፣ እሷ የተማረችው የፈረንሳይን ዝገት ነው፤” አለ እጮኛዬ። “የእኛው መቼ ይገባታል።”

እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያም ያበጠውን ፍቀው፣ ስቱኮ ሞልተው፣ ጨውን እንደ አደራ ዕቃ በጥንቃቄ ከሥር አሽገው በላዩ ላይ ቀቡ።

በሁለተኛው ዓመት አበጠ። በሦስተኛውም። ጎረቤታችን ድሪያዋን በየዓመቱ ጥር ሲገባ ከሣጥን አውጥታ ታናፍሳለች፣ ጾም ሲገባ መልሳ ታጥፈዋለች። በመጨረሻ ለእኅቷ ልጅ ሰርግ ለበሰችውና መጥታ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ሁለቱ ወንዶች ግን ወፍረው ነበር። ምሳቸውን ኮፋኖው ላይ አስቀምጠው ይበላሉ፣ ስለ ስቱኮ ውፍረት ይከራከራሉ፣ ይታረቃሉ። እጮኛዬ ለልደቴ የግራ የፊት መብራት አመጣልኝ። ቀኙን ለአባቴ ልደት አቆይቶት ነበር።

በቀጣዩ የሙቀት ወራት፣ ሁለቱ የመኪናዋን መሪ ፍለጋ ብለው ወደ ድሬዳዋ ተጓዙ። የቧንቧችን ውሃ ራሱ ጨዋማ ስለሆነ ለማጠቢያ አይረባም። በዚህ ከተማ ጨው የሌለበት ውሃ ሳይቋረጥ የሚፈሰው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከኤር ኮንዲሽነር። ጎረቤቶቼን አስፈቅጄ በየመስኮታቸው ሥር ጀሪካን ደቀንሁ። መኪናዋን በማሽን እስከ ብረቷ ፋቅኋት፣ ጠብታ በጠብታ በተጠራቀመው ውሃ ደጋግሜ አጠብኋት፣ ነፋስ የሌለበት ማለዳ መርጬም ቶሎ የሚደርቅ ፀረ ዝገት ቀለም ቀባኋት። ሲመለሱ አባቴ ግራጫውን ላሜራ በጣቱ መታ መታ አድርጎ ማን እንደነካት ጠየቀ። እኔ ነኝ አልሁ።

ከጥምቀት ማግስት ነጩ ቀለም ተቀባ። ሳምንት አለፈው፤ አላበጠም። ሌላም ሳምንት አለፈ። ቀለሙ ፊት የሚያሳይ ሆነ፣ የሰርጉም ቀን ተቆረጠ። ሁለቱ ወንዶች ለቅሶ የመጡ ይመስል ከመኪናዋ ፊት ተቀምጠው ይውሉ ጀመር።

ሰርጉ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እጮኛዬ ከግቢው ተጣራ። ከታጨን ወዲህ ስሜን እንዲያ ባለ ደስታ ጠርቶት አያውቅም። ስደርስ ጣቱን የግራው በር ላይ አስቀምጦ ጠበቀኝ።

“ነይ እዪው፤ አብጧል።”

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በጥፍሬ ጫር ሳደርጋት ጉብታዋ ተነቅላ መዳፌ ላይ ወደቀች። ከምሳቸው የተረፈች፣ የደረቀች፣ እውነተኛ ምስር ነበረች።

“ምስር ናት፤” አልሁት።

“እርግጠኛ ነሽ?”

“ነኝ።”

“ከሥሯስ?”

“ከሥሯ ቀለም ነው። እኔና አንተ ካረጀን በኋላም አያብጥም።”

ሐኪም በሽታ የለብህም ያለው ሰው እንደዚያ ሲያዝን አይቼ አላውቅም። ፊቱን ሳልቸኩል፣ እስክጠግብ ድረስ አየሁት።

“ብርጭቆ ወረቀት አቀብለኝ፤” አልሁት።

ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ አቀበለኝ። ከበሩ ጠርዝ ጀምሬ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቅሁት። ብረቱ ከሥር ንጹሕ ነበር፣ አንድም የዝገት ነጥብ አልነበረበትም፤ ይህን ለማረጋገጥ ለአፍታ ቆም ብያለሁ። እጄን ሊይዘኝ ይችል ነበር። ይልቅስ ገባ ብሎ ውሃ በሳህን ይዞ ወጣና፣ ወረቀቱን እንዳረጥብበት ጎኔ ቆሞ ያዘልኝ። ከቧንቧ የቀዳው ጨዋማ ውሃ ነበር። ቀለበቴን አውልቄ ሳህኑ ውስጥ ጣልሁት።

አባቴ ወጣ። በሩን አየ፣ ሳህኑን አየ፣ በሳህኑ ውስጥ የተኛውን ቀለበት አየ።

“ስንት ቁጥር ወረቀት ነው?” አለኝ።

ነገርሁት።

“ሻካራ ነው፤” አለ፤ ወንበሩንም ስቦ ከእጮኛዬ አጠገብ፣ በተፋቀው በር ፊት ለፊት ተቀመጠ።

ከቤቱ የወጣሁት በሳምንቱ ነው፤ በታክሲ፣ ጋቢና ተቀምጬ።